ወንድሜ ከአውጫጭኙ የተነሣ ዕለት

ዓርብ ገብስ ስንወቃ ዋልን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቀን ስላላየሁ ነው ከእሱ የምጀምረው። አራቱ በሬዎች አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ ወንድሜ ከኋላ ይነዳቸዋል፤ አባቴ በመንሽ እያነሣ ይገለብጣል፤ እኔ ወደ ዳር የሚወጣውን እየጠረግሁ ወደ መሃል እመልሳለሁ። የገና ጾም ስለነበረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀመስንም። አውድማችን ከጋይንት ወደ ስማዳ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ጎረቤት የሚባል ነገር አይታይም። ሲመለስ ደግሞ ሁሉም ቤት በቦታው አለ።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ንፋስ መውጫ የሥነ ዜጋ መምህር ነበር። በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደሞዙም ቆመ፣ ወደ አባታችን ቤት ተመለሰ። እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ቀረሁ። የሚያስተምረው ሲያጣ እኔንና አባቴን ያስተምር ጀመር። አባቴ ግን ቁጭ ብሎ የሚማር ሰው አይደለም።

መሪው በሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንድ አፍ ሙሉ ገብስ ዘገነ።

«ይመልከቱ አባዬ» አለ ወንድሜ። «ይኸ በሬ ማመልከቻ አስገብቷል? ማኅተም አስመትቷል? ራበው፣ በላ። የተፈጥሮ መብት ማለት ይኸ ነው። ማንም አልሰጠውም፣ ማንም አይነሣውም።»

«ስንት ጉርሻ ነው መብቱ?» አለ አባቴ መንሹን ሳያቆም።

«እስኪጠግብ።»

«እስኪጠግብማ ከበላ እኛ ጭዱን መቃማችን ነው። በለው!»

ወንድሜ ጅራፉን አነሣና በሬውን መታው። አባቴ ሳቀ።

«አየህ፣ መንግሥት ሆንህ። ገና በጠዋቱ።»

«መታሁት እንጂ አፉን አላሰርሁትም» አለ ወንድሜ። «መንግሥት እስከዚያ ነው። ከዚያ ካለፈ ሌላ ስም አለው።»

እንዲህ ነበር የሚውሉት። እኔ እየጠረግሁ እሰማለሁ። ክፍል ውስጥ ሳለን ወንድሜ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ይከፍለው ነበር። በግራ በኩል አንድ የባሕር ማዶ ፈላስፋ ይጽፋል። ይህ ሰው መንግሥት ከሌለ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እየፈራ ነው የሚያድረው ይላል። ከፍርሃቱ ለማረፍ መብቱን ሰብስቦ ለአንድ ኃይለኛ ይሰጣል። አንዴ ከሰጠ በኋላ መልስልኝ ማለት የለም፤ መልስልኝ ካለ ወደ ፍርሃቱ ይመለሳል። በቀኝ በኩል ሌላውን ይጽፋል። እሱ ደግሞ ሰው ከመንግሥት በፊትም ሰው ነበር ይላል። ነፍሱ፣ አካሉ፣ በወዙ ያፈራው የራሱ ነበር። መንግሥትን የቀጠረው እነዚህን እንዲጠብቅለት ነው፤ ጠባቂው ራሱ ከዘረፈ ይሰናበታል። ፈተና ላይ «አነጻጽሩ» የሚል ጥያቄ ይመጣ ነበር። እኔ አምስት መስመር ጽፌ ግማሽ ነጥብ አግኝቻለሁ። በወንድሜ እርማት ነው፤ ለወንድምነት የጨመረልኝ የለም።

አባቴ የግራውን ሰው ሰምቶ አያውቅም። ግን እንደሱ ነበር የሚናገረው።

«ያኔ ሃያ ዓመት አይሞላኝም» ይላል። «አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው ሳይገባ፣ መሃል ላይ ያሉት ሳምንታት። የድንበር ድንጋይ ሁሉ ሌሊት ሌሊት እግር አወጣ። ዛሬ እዚህ የተውኸው ድንጋይ ነገ የሰው ማሳ ላይ ነው። ስንቱን ቀበርን። ሰው ከነመብቱ ነው የተቀበረው፤ አስከሬኑን ሲገንዙ መብቱን ማንም አላወለቀበትም።»

«አሁንስ አባዬ? ቀበሌው ከተቆለፈ ቆየ። ታዲያ ተበላላን?»

አባቴ መንሹን ተከለና ቆመ።

«ማክሰኞ ሌሊት የጎረቤታችንን ሁለት በሬ ማን በላው?»

ወንድሜ በሬዎቹን ነዳ።

ስለ ጠፉት በሬዎች መናገር አለብኝ። ከእኛ ሦስት ቤት ወዲያ ያለ ጎረቤታችን ማክሰኞ ሌሊት ሁለቱም የእርሻ በሬዎቹ ከበረት ተነዱበት። በመኸር። ኮቴያቸው በእኛ አውድማ ሥር በሚያልፈው መንገድ ወደ ገደሉ ሲወርድ ታይቷል፤ ከዚያ በድንጋዩ ላይ ጠፋ። ያን ሌሊት አውድማው ዳር ባለችው የሣር ጎጆ እህል ሲጠብቅ ያደረው ወንድሜ ነበር። ሰው ማማት ጀመረ። ድሮም ይከራከራል ብለው ይሸሹት ነበር። ማኅበር ላይ እንኳ ሰብሳቢው ሙሴ አንድ ነገር ሲያዝ «ለምን?» የሚል ሰው እሱ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ደሞዝ የሌለው፣ ከተማ የለመደ፣ የኔ የሚለው በሬ የሌለው ሰው ተባለ።

አባቴ በአውድማው ሁለት ሆናችሁ እደሩ ብሎን ነበር። ማክሰኞ ግን ያስለኝ ነበር፣ ብርዱም በረታብኝ። ወንድሜ «ሂድ፣ እቤት ተኛ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። በጓሮ ገብቼ ከጥጆቹ ጋር ተኛሁ። አባቴ አላወቀም። እንግዲህ ወንድሜ ከጎጆው እንዳልወጣ የሚመሰክርለት ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ። እኔ ደግሞ አልነበርሁም።

ዓርብ ወደ ማታ የሰበካችን ቄስ ወደ አውድማው መጡ። ወንድሜ ጋቢውን አንጥፎ አስቀመጣቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ዳዊት ደግመህ አልነበረም? ከተማ ገብተህ አራገፍኸው አሉኝ። ሥልጣን ከሰው ነው የሚመጣው ትላለህ አሉ። ከላይ አይደለም እንዴ?»

«አባ፣ እግዚአብሔር አዳምን ሲፈጥር ሊቀመንበር አብሮ ፈጥሮለት ነበር?»

«አልፈጠረለትም» አሉ ቄሱ። «ለዚህ አይደል በለሱን የበላው!»

ሦስቱም ሳቁ። አባቴ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ቄሱ ሳቃቸውን ተዉና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ለነገ ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ተስማምቷል። አውጫጭኝ ይቀመጣል። አንቱም ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነዎት። እኔ ግዝቱን እናገራለሁ።» ወንድሜን አዩት። «ከአፌ የወጣ ግዝት እኔም ብቻዬን አልመልሰውም። ነገ ካንተ ጋር መጫወት አልችልም ልጄ።»

አውጫጭኝ እንዲህ ነው። ንብረት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር ያገሩ ወንድ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ በተራው የዋለበትን፣ ያደረበትን፣ ያየውን ይናገራል። እውነቱ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ከመቀመጫው ያለ ፈቃድ ተነሥቶ የሄደ በራሱ ላይ ፈረደ ይባላል፤ ሌላ ምስክር አይፈለግበትም። የአያቶቻችን ነገር ነበር። ፖሊስና ፍርድ ቤት ሲመጣ ቀረ። ፖሊስ ከከተማ መውጣት ሲያቆም ተመለሰ።

ቄሱና አባቴ ሲሄዱ ወንድሜን ጠጋ አልሁት።

«ነገ አብሬህ እንዳደርሁ እናገራለሁ።»

«አትናገርም።»

«ለምን?»

«ውሸት ነዋ። ደግሞም አያስፈልግም። ሌባ ነህ የሚለኝ ሰው እሱ ያስረዳ። እኔ ሌባ አለመሆኔን ሳስረዳ ለመኖር አልተወለድሁም።»

«እነሱ እኮ እንደዚያ አያስቡም ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ጭዱን ከፀጉሬ ላይ አራገፈልኝ። «እንደዚያ ስለማያስቡ ግን እንደዚያ መሆኑ አይቀርም።»

ራት ላይ እናቴ «አንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ አፍህን ብትይዝልኝ ምናለ» አለችው። «እይዛለሁ እማዬ» አላት። ሽሮውን በላ። በደንብ በላ።

ቅዳሜ እርሻም ውቂያም ስለሌለ ሰው በጠዋት ተሰበሰበ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ሜዳ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ጉሙ ያን ቀን አልተመለሰም፤ ከገደሉ ወጥቶ እዚያው ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመ። ከክቡ ውጭ ሦስት ጎበዛዝት መሣሪያ ይዘው እንዲጠብቁ ተመረጡ። አንዱ ዘጠነኛ ክፍል ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። ስለ መብት የሚለውን ምዕራፍ እሱም ከወንድሜ ነው የተማረው።

አባቴ ለጠባቂዎቹ ትእዛዝ ሰጠ። «ከሜዳው ሰው እንዳይወጣ።»

«ሽንቱ የመጣበትስ?» አለ አንድ ሰው ከወዲያ። ሰው ሳቀ።

«አስፈቅዶ ይውጣ።»

«ሳያስፈቅድ የሄደስ?» አለ ያ የክፍሌ ልጅ።

«አስቁሙት።»

«ማንም ቢሆን?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «ማንም ቢሆን» አለ።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ግዝቱን ተናገሩ። ያየውን የደበቀ፣ ሐሰት የተናገረ፣ ከጉባኤው ያለ ፈቃድ የተለየ፣ ከቍርባን ይከልከል፤ ቢሞትም ፍትሐት አይደረግለት። ሁሉም «አሜን» አለ። ወንድሜ ከአጠገቤ ነበር፤ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። እኔ አሜን ብያለሁ።

ጥያቄው ከዳር ተነሣ። አንዱ ሌሊቱን ሚስቱ ታምማ ሲያስታምም እንዳደረ ተናገረ። አንዱ የት እንዳደረ ሲጠየቅ አፈረ፤ ሰው ስላወቀለት ሳቀበት፤ እሱም ሳቀ። ቀላል ይመስል ነበር። ወደ እኛ እየተጠጋ ሲመጣ ግን ሳቁ እየቀነሰ መጣ። በሬ የጠፋበት ሰውዬ ከፊት ለፊታችን ተቀምጧል። ሌላውን ሲጠይቁም የሚያየው ወንድሜን ነው።

ተራው ደረሰ። የጠየቀው አባቴ ነው። የቀኝ ዳኛ እሱ ስለሆነ ሁሉንም የሚጠይቀው እሱ ነበር።

«ማክሰኞ ሌሊት የት አደርህ?»

«አውድማ።»

«ከማን ጋር?»

ወንድሜ «ብቻዬን» ቢል ምስክር የለውም፣ እኔም ትእዛዝ ጥሼ መሄዴ ይወጣል። «ከወንድሜ ጋር» ቢል ውሸት ነው።

«እሱን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «የተከሰስሁበት ነገር አለ? ሠርቀሃል ያለኝ ሰው አለ? ካለ ይነሣና ይናገር፣ እመልስለታለሁ።»

«እዚህ ጠያቂው እኛ ነን» አለ ሌላው ዳኛ። «መምህር ሆይ፣ ክፍል ውስጥ አይደለህም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ። ከወንድምህ ጋር ነበርህ?»

አልነበርሁም ካልሁ ወንድሜ አለቀለት። ነበርሁ ካልሁ ግዝቱ አለ፤ ወንድሜም አትናገር ብሎኛል። እኔ ድሮም ሲጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም። ያን ቀን ግን ከምላሴ ምንም አልወጣ አለ።

«ልጁ ዱዳ ሆነ እንዴ?» አለ አንዱ።

«መስቀል ይምታ» አለ በሬ የጠፋበት ሰውዬ። «መስቀል መትቶ ይማልና ይናገር!»

ቄሱ መስቀሉን ይዘው ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጡ። ያኔ ወንድሜ ተነሣ።

«እሱን ተዉት። እኔን ነው የፈለጋችሁት። ክስ ሳይኖር የያዛችሁኝ ሰው ነኝ፤ ክስ የሌለበት ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም እየሄድሁ ነው።»

«ተቀመጥ» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ እንደ አባት ከሆነ የሚያዝዙኝ እቀመጣለሁ። እንደ ዳኛ ከሆነ አልቀመጥም።»

ሁሉም አባቴን አየ። ሁለቱ ዳኞችም አዩት። ስንቱን ሰው በዚያ ጠዋት እንደ ዳኛ ጠይቋል፤ ለልጁ ሲሆን አባት ነኝ ቢል ያ ሁሉ ሰው ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ይህን አሁን ነው የምረዳለት። ያኔ አልተረዳሁለትም።

«እዚህ አባት የለም» አለ።

ወንድሜ ጋቢውን አራገፈና ከክቡ ወጣ። አልሮጠም። ይህን ብዙ አስበዋለሁ። ቢሮጥ ፈርቶ ነው ይሉት ነበር፤ ባለመሮጡ ንቆን ነው አሉ። ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ወደ ጉሙ ሄደ።

«መምህር!» ሲል ሰማሁ የክፍሌን ልጅ። «መምህር፣ ይቁሙ! እባክዎ ይቁሙ!»

ወንድሜ እጁን ብቻ ወደ ኋላ አወዛወዘ፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያስቸግረው እንደሚያደርገው። ከዚያ ተኩሱ ተሰማ። አንድ ጥይት ነው። ልጁ ወደ ሰማይ ነው የተኮስሁት ብሏል አሉ። ይሆናል። ጉም ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወንድሜ ሲወድቅ ሁላችንም አየነው። ማንም ግን አልተነሣም። አለመነሣት ታዝዘን ነበር። ያ ሁሉ ወንድ፣ ጎረቤቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ እንደተቀመጠ ቀረ። እኔም እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ አጭር ነው ይሉኛል። ከዚያ አባቴ «ተነሡ» አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ያኔ ሁሉም ሮጠ።

ስንደርስ ሞቷል።

የክፍሌን ልጅ ዘመዶቹ ያኑ ዕለት ይዘውት ሄዱ፤ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው አሉ። አስከሬኑን ወደ ቤት አመጣነው። ፀሐይዋ ሳትገባ ቄሱ መጥተው በር ላይ ቆሙ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ግዝት ላይ እንዳለ ነው የሞተው፣ ጉባኤው ካልፈታው ፍትሐት ልናደርግ አንችልም አሉ። እያለቀሱ ነው የተናገሩት። ሰው ሁሉ ግዝቱን አሜን ብሎ አሥሮታል፤ ሰው ሁሉ ነው የሚፈታው። ሰው ደግሞ የሚፈታው ሌባ አለመሆኑን ካመነ ነው። ከጉባኤ የተነሣ ሰው በራሱ ፈርዷል፤ ማን ነው የሚያምነው?

«ልጄን ያለ ጸሎት ልትጥሉት ነው?» አለች እናቴ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እስኪነጋ ይህን ብቻ ደጋገመችው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ የእናቴ ወንድም ከስማዳ፣ ከወገዳ ወገን ደረሰ፤ መርዶውን ሰምቶ ገደሉን በእግሩ ወጥቶ ነው። ካለቀሰ በኋላ ወደ ጓሮ ወሰደኝና መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

«ደሙ ያንተ ነው» አለኝ። «አባትህ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦበታል፣ እሱ ከእንግዲህ የለም። ቀበሌ የለ፣ ፖሊስ የለ። ካንተ ሌላ ማን አለው?»

መሣሪያውን አላስረከበኝም፤ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እኔ ቆሜ አየሁት። በሰሌዳው በቀኝ በኩል የነበረው ፈላስፋም ይህንኑ እንደሚል ትዝ አለኝ። መንግሥት በሌለበት አገር የበደለውን ሰው መቅጣት የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው ይላል። ወንድሜ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ የጻፈውን ይፈራዋል፣ ይለን ነበር፤ በራሱ ነገር ላይ ዳኛ የሆነ ሰው የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም፣ ለዚህ ነው ሰዎች ዳኝነቱን ለሌላ የሰጡት። ለሌላ ሰጥተን ደግሞ አየነው። የግራው ሰው ልክ ከሆነ ወንድሜ መቀመጥ ነበረበት። የቀኙ ሰው ልክ ከሆነ እኔ መሣሪያውን ማንሣት አለብኝ። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ እንዳልል ወንድሜ በቤት ውስጥ ተጋድሟል። ከዚህ በላይ አላውቅም። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው የቀረሁት።

«ይቆይ አጎቴ» አልሁት። እምቢ አላልሁትም። እምቢ ለማለት የሚያበቃ ነገር አልነበረኝም። መሣሪያው እስከ ዛሬ ቤታችን ተሰቅሏል፣ አጎቴም በመጣ ቁጥር ያየዋል። ያን ጠዋት ግን ፊቴን ታጥቤ ወደ ሜዳው ሄድሁ።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እንደገና ተቀምጧል። በሬዎቹ ስላልተገኙ ጉባኤው አልተበተነም። አባቴ ከሁለቱ ዳኞች ጋር በትናንት ቦታው ላይ አለ። የትናንቱን ጋቢ ነው የለበሰው። ጠባቂ ግን አልቆመም፤ ማን እሺ ይላል። ወደ መሃል ስገባ ሰው መንገድ ለቀቀልኝ፤ አንዳንዱ እጄን አየ፣ መሣሪያ መያዝ አለመያዜን።

«የትናንቱን ጥያቄ አልመለስሁም» አልሁ። «ይጠይቁኝ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሌላው ዳኛ «ይቅር ልጄ፣ ዛሬ የሐዘንህ ቀን ነው» አለ።

«ይጠይቁኝ» አልሁ እንደገና። አባቴን ነው ያልሁት።

«ማክሰኞ ሌሊት» አለ አባቴ። «ማክሰኞ ሌሊት ከወንድምህ ጋር ነበርህ?»

«አልነበርሁም።»

ሰው አጉረመረመ። እኔ ቀጠልሁ፤ እየተደናቀፍሁ ነው የተናገርሁት። ትእዛዝ ጥሼ እቤት መተኛቴን ተናገርሁ። ዓርብ ዕለት ልዋሽለት እንደነበር፣ አትዋሽ እንዳለኝ ተናገርሁ። ትናንት መስቀሉ ወደ እኔ ሲመጣ ወይ በሐሰት እንድምል ወይ እሱን አሳልፌ እንድሰጥ ሆኖ ነበር፤ ከሁለቱ ሊያወጣኝ ነው የተነሣው አልሁ። ከራሱ ጥያቄ ሸሽቶ አይደለም። የራሱን ጥያቄ ሲጠይቁት ተቀምጦ ነበር። የተነሣው የእኔ ሲመጣ ነው።

«ብቻውን ነበረ ማለት ነዋ!» አለ በሬ የጠፋበት ሰውዬ። «ታዲያ አልወሰደም በምን ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልሁት። «በዓይኔ አላየሁም። እናንተም አላያችሁም። እኔ የማውቀውን ተናገርሁ።»

ቄሱ ተነሡ። መስቀሉ በእጃቸው ነበር። «ሰምታችኋል» አሉ። «ግዝቱን የምትፈቱ በየተራ ተናገሩ። የማይፈታ ካለ ደግሞ አልፈታም ይበልና ምክንያቱን ይናገር።»

ከዳር ተጀመረ። «ይፈታ» አለ የመጀመሪያው። «ይፈታ» አለ ቀጣዩ፤ ሚስቱን ሲያስታምም ያደረው ነው። አንዳንዱ በፍጥነት ይላል፣ አንዳንዱ ከማለቱ በፊት አባቴን ያያል። የተኳሹ አባት እንባው በፊቱ እየወረደ «ይፈታ፣ ለእኔም ልጅ ጸልዩ» አለ። ሰው አጉረመረመበት። እኔ ምንም አላልሁትም። አባቴ ጋ ሲደርስ አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣውም። ቄሱ «ተሰምቷል» ብለው አለፉ።

የቀረው በሬ የጠፋበት ሰውዬ ነበር። መሬት እያየ በጣቱ ሣር ይነቅላል። ሁለት በሬ ነው የጠፋበት፤ መጪውን ክረምት በምን ያርስ እንደሁ አያውቅም። ያዘነብኝም የፈራኝም ይመስላል። ሄጄ ከፊቱ ቆምሁ። በእጄ ምንም የለም። አልለመንሁትም። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ቄሱ እየጠበቁ ነው፣ ወንድሜ ቤት ውስጥ እየጠበቀ ነው።

«ይፈታ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወደ ቤት ሄጄ ለእናቴ ቄሶቹ እየመጡ ነው አልኋት።